የልጅ ክብደት ከአስቤዛ ይጀምራል

በአገራችን ወላጅ ለዘመናት ሲፈራ የኖረው የልጁን መክሳት ነው። ፍርሃቱም ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. በ2019 በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ የኢትዮጵያ ሕፃናት 37 በመቶዎቹ ቀንጭረዋል፤ ክብደታቸው ከመጠን ያለፈው ግን 2 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ጉንጩ የሞላ ሕፃን «ተመችቶታል» ተብሎ የሚደነቀው፣ ቀጠን ያለ ልጅ ያላት እናትም «ምነው ልጁ ከሳብሽ?» ተብላ የምትጠየቀው ለዚህ ነው።

ዓለም ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ እየሄደ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ1990 ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 19 ዓመት ከሆነ ልጆችና ወጣቶች ከመጠን ያለፈ ክብደት የነበራቸው 8 በመቶ ነበሩ። በ2022 ይህ አሃዝ ወደ 20 በመቶ አሻቀበ፤ ይህም ከ390 ሚሊዮን በላይ ልጆች ማለት ነው። ዩኒሴፍ በ2025 ባወጣው ሪፖርት ደግሞ በትምህርት ዕድሜ ላይ ካሉ ልጆች መካከል ከልክ በላይ የወፈሩት ክብደታቸው ከሚገባው በታች ከሆኑት በቁጥር መብለጣቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ አስታወቀ። ከሰሃራ በታች ያለው የአፍሪካ ክፍል ገና እዚያ አልደረሰም። ስለዚህ እኛ ችግሩ ሥር ሳይሰድ ለመከላከል ጊዜ አለን።

የምንከላከለው እንዴት ነው? ሳይንሱ ወላጆችን የሚያበረታታ መልስ አለው። ወላጅ በልጁ ክብደት ላይ ትልቁ ሥልጣን ያለው ልጁን ሲያጎርስ ሳይሆን አስቤዛ ሲገዛ ነው።

ልጅ ወፍሯል የሚባለው መቼ ነው?

የልጅ ውፍረት በዓይን ግምት አይታወቅም። ሐኪሙ የልጁን ክብደት በኪሎ ግራም፣ ቁመቱን በሜትር ይለካል፤ ክብደቱንም ቁመቱ በራሱ ተባዝቶ ለሚገኘው ቁጥር ያካፍለዋል። ለአዋቂ ውጤቱ 30 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከልክ ያለፈ ውፍረት ይባላል። ለልጅ ግን እንዲህ ያለ አንድ ቁርጥ ቁጥር የለም። ውጤቱ ለዕድሜውና ለፆታው በተዘጋጀ የዕድገት ሰንጠረዥ ላይ ይመዘናል፤ የልጅ የሰውነት ስብ ከዕድገቱ ጋር ይለዋወጣልና።

ሕፃን በመጀመሪያው ዓመት ሰውነቱ ይሞላል፤ መሮጥና መርዘም ሲጀምር ይቀጥናል፤ ከ5 እስከ 7 ዓመት ባለው ጊዜ ደግሞ እንደገና መሙላት ይጀምራል። ይህ ሁለተኛው መሙላት ከጊዜው ቀድሞ ከመጣ ልጁ ወደፊት ለውፍረት የመጋለጥ ዕድሉ ይጨምራል። «ሲያድግ ይጠፋለታል» የሚለው ማጽናኛም ብዙ ጊዜ አይሠራም። በ2016 የታተመ ብዙ ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንታኔ እንዳሳየው፣ ከልክ በላይ ከወፈሩ ልጆች ከግማሽ የሚበልጡት ጉርምስና ላይም እንደወፈሩ ይደርሳሉ፤ ከልክ በላይ ከወፈሩ ጎረምሶች ደግሞ 80 በመቶ ያህሉ በአዋቂነታቸውም ይወፍራሉ። ዓይነት 2 የስኳር በሽታ፣ የደም ግፊት፣ የጉበት መሰባትና በእንቅልፍ ላይ የትንፋሽ መቆራረጥ ቀድሞ የአዋቂ ችግሮች ይባሉ ነበር፤ ዛሬ በልጆችም ላይ ይታያሉ።

ጥፋቱ የልጁ ሆዳምነት አይደለም

ረሃብና ጥጋብ የሚታዘዙት ከአንጎል ነው። ጨጓራ ባዶ ሲሆን ግሬሊን የተባለ ሆርሞን ያመነጭና «ብላ» የሚል መልእክት ያስተላልፋል። የስብ ሕዋሳት የሚያመነጩት ሌፕቲን ደግሞ ምን ያህል ስንቅ እንደተከማቸ ለአንጎል ያሳውቃል። ሌፕቲንን የሚያዘው ዘረ መል በ1994 በኒውዮርክ በሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ በጄፍሪ ፍሪድማንና በባልደረቦቹ ተገኘ። ከ3 ዓመት በኋላም የእንግሊዝ ሐኪሞች ሌፕቲን በተፈጥሮ የሌላቸውን ሁለት የአጎት ልጆች መረመሩ። ልጆቹ ጥጋብ የሚባል ነገር አያውቁም ነበር፤ ክብደታቸውም ከዕድሜያቸው ጋር ፈጽሞ አይመጣጠንም። ሆርሞኑ በመርፌ ሲሰጥ ግን የምግብ ፍላጎታቸው ተስተካከለ፤ ክብደታቸውም ቀነሰ። የልጅ ረሃብ የፀባይ ጉድለት ሳይሆን የሰውነት ሥራ እንደሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

እንዲህ ያለው የዘረ መል ጉድለት እጅግ ጥቂት ሰዎች ላይ ብቻ ይታያል። ብዙዎቻችን የምንወርሰው ትንንሽ ዝንባሌዎችን ነው፤ አንዱ ልጅ ቶሎ ይጠግባል፣ ሌላው ቶሎ ይርበዋል። ሆኖም የሰው ዘረ መል በ30 ዓመት አይለወጥም። የተለወጠው በዙሪያችን ያለው ምግብ ነው።

ኬቨን ሆል የተባለው ተመራማሪ በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም በ2019 ያሳተመው ሙከራ ይህን በግልጽ ያሳያል። 20 ጎልማሶች ለ4 ሳምንት በተቋሙ ውስጥ ተቀመጡ። ለ2 ሳምንት በፋብሪካ እጅግ የተቀነባበረ ምግብ፣ ለሌላ 2 ሳምንት ደግሞ ያልተቀነባበረ ምግብ ቀረበላቸው። በሁለቱም ገበታዎች የቀረበው ስኳር፣ ቅባት፣ ጨውና አሰር ተቀራራቢ ሲሆን፣ ሰዎቹ የፈለጉትን ያህል እንዲበሉ ተፈቀደላቸው። የፋብሪካው ምግብ ሲቀርብላቸው በቀን 500 ኪሎ ካሎሪ ያህል ጨምረው በሉ፤ ክብደትም ጨመሩ። ሙከራው በአዋቂዎች ላይ ቢሆንም ለልጆች የሚሰጠው ትምህርት ግልጽ ነው። ለስላሳና በፍጥነት የሚዋጥ ምግብ የጥጋብ መልእክት ሳይደርስ ያልቃል።

ምላስ የሚለምደው ቀድሞ ነው

ልጅ ጣፋጭን እየወደደ፣ መራራን እየሸሸ ይወለዳል። የቀረውን የሚማረው ከቤተሰቡ ነው፤ ትምህርቱም የሚጀምረው ገና በማህፀን ሳለ ነው። በፊላደልፊያ በሚገኘው ሞኔል የጣዕምና የሽታ ምርምር ማዕከል ጁሊ ሜኔላና ባልደረቦቿ በ2001 ባሳተሙት ጥናት፣ በእርግዝና ወይም በማጥባት ወቅት የካሮት ጭማቂ የጠጡ እናቶች ልጆች ተጨማሪ ምግብ ሲጀምሩ ካሮት ያለበትን ምግብ ከሌሎቹ ሕፃናት በተሻለ ተቀበሉ። የእናት ምግብ ጣዕም በእንሽርት ውኃና በጡት ወተት ወደ ልጅ ይደርሳል። እናት በእርግዝናዋ ጎመንና ምስር ብትበላ ልጇን ለጎመንና ለምስር ታዘጋጃለች ማለት ነው።

ልጅ አዲስ ምግብ ለመልመድ ብዙ ጊዜ መቅመስ ይፈልጋል፤ ከ8 እስከ 15 ጊዜ ሊወስድ እንደሚችል ጥናቶች ያሳያሉ። ብዙ ወላጅ ግን 3 ጊዜ ሞክሮ «ልጄ አትክልት አይወድም» ብሎ ይተወዋል።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስኳር ምን ያህል ዘላቂ ውጤት እንዳለው ደግሞ የብሪታንያ ታሪክ ያስተምራል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተጀመረው የስኳር ራሽን በመስከረም 1953 ሲነሳ የአዋቂዎች የስኳር ፍጆታ በአጭር ጊዜ ወደ እጥፍ ተጠጋ። በ2024 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ከዚያ ቀን በፊትና በኋላ የተፀነሱ ሰዎችን አነጻጸረ። ከፅንስ ጀምሮ ያሉትን የመጀመሪያ 1,000 ቀናት በራሽኑ ዘመን ያሳለፉት በጎልማሳነታቸው በዓይነት 2 የስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው 35 በመቶ ገደማ፣ በደም ግፊት የመያዝ ዕድላቸው ደግሞ 20 በመቶ ገደማ ቀንሶ ተገኘ።

ማዕድ ላይ የሚበላሸው

ጉርሻ የፍቅራችን መግለጫ ነው። ነገር ግን አንድ ሕፃን ሲጠግብ ምን እንደሚያደርግ ልብ በሉ። ማኘኩን ያዘገያል፤ ቀጥሎ አፉን ይገጥማል፤ በመጨረሻም ፊቱን ያዞራል። እናት ወይም ሞግዚት ቴሌቪዥን ወይም ስልክ ከፍታለት፣ እሱ በምስሉ ሲመሰጥ «ይቺን ብቻ» ብላ ስታጎርሰው ያን ምልክት ችላ እንዲል ታለማምደዋለች። በአሜሪካ በተደረገና በ2000 በታተመ ጥናት፣ የ3 ዓመት ልጆች የቀረበላቸው ምግብ ቢበዛም የሚበሉት መጠን አልተለወጠም፤ የ5 ዓመት ልጆች ግን ሲበዛላቸው ጨምረው በሉ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ውስጥ ልጅ ከሆዱ ይልቅ ሳህኑን መስማት ይማራል።

«ጎመኑን ከጨረስክ ከረሜላ እገዛልሃለሁ» ማለትም ያልታሰበ ውጤት አለው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሊያን በርች ከ1980ዎቹ ጀምሮ ባካሄደቻቸው ሙከራዎች ልጆች በሽልማት ተደልለው የበሉትን ምግብ ይበልጥ ጠሉት፤ ለሽልማት የቀረበውን ደግሞ ይበልጥ ወደዱት። ክልከላም እንዲሁ ነው። በ1999 ባሳተመችው ጥናት ልጆች ፊት ለፊታቸው የተቀመጠ መክሰስ ሲከለከሉ ስለ እሱ አብዝተው ማውራትና ደጋግመው መጠየቅ ጀመሩ። ብስኩት ገዝቶ ቁም ሣጥን አናት ላይ መደበቅ የብስኩቱን ዋጋ በልጁ ዓይን ከፍ ከማድረግ በቀር ጥቅም የለውም።

የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ኤሊን ሳተር ለዚህ የሚሆን የሥራ ክፍፍል አስተምራለች። ምን እንደሚበላ፣ መቼና የት እንደሚበላ ወላጅ ይወስናል፤ ይብላ አይብላ፣ ምን ያህልም ይብላ የሚለውን ልጁ ይወስናል። ይህ እንዲሠራ ግን ወላጅ የመጀመሪያውን ውሳኔ በአግባቡ መወጣት አለበት፤ ያ ውሳኔ ደግሞ ሱቅ ውስጥ የሚሰጥ ነው።

አስቤዛው ውስጥ ምን ይግባ?

የመጀመሪያው ጉዳይ መጠጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የተጨመረ ስኳር፣ ማርና ጭማቂ የሚሰጡት ኃይል በቀን ከምንፈልገው ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻልም ወደ 5 በመቶ እንዲወርድ ይመክራል። በቀን 1,500 ኪሎ ካሎሪ ለሚበቃው ልጅ 10 በመቶ ማለት 37 ግራም ገደማ ስኳር ነው። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ኮላ 30 ግራም ያህል ስኳር ይይዛል። ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ያለበት ሻይ ከተጨመረ 16 ግራም ይደመራል፤ ልጁ ገና ከረሜላና ኬክ ሳይቀምስ ወሰኑን አለፈ። ጁስም ከዚህ ነፃ አይደለም። አንድ ብርጭቆ ለመሙላት 3 ወይም 4 ብርቱካን ይጨመቃል፤ ስኳሩ ይጠጣል፤ የሚያጠግበው አሰር ግን አብዛኛው ይጣላል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ከ1 ዓመት በታች ጭማቂ ጨርሶ እንዳይሰጥ፣ ከ1 እስከ 3 ዓመት ደግሞ በቀን ከ120 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ ይመክራል። ለልጅ ጥም ውኃ ይበቃዋል።

ሁለተኛው መክሰስ ነው። የብስኩቱን ፓኬት ገልብጡና ጀርባውን አንብቡ። በውስጡ ያሉት ነገሮች የሚጻፉት በብዛታቸው ቅደም ተከተል ነው። ከዱቄት ቀጥሎ ስኳር፣ ከዚያ የፓልም ዘይት፣ ዝቅ ብሎም ግሉኮስ ሽሮፕ ካለ፣ ስኳሩ በሁለት ስም ገብቷል። ፊት ለፊት የተጻፈው «በቫይታሚን የበለፀገ» የሚለው ማስታወቂያ ይህን አይለውጠውም። በምሳ ዕቃው ውስጥ ብስኩቱን ሙዝ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ የተቀቀለ ስኳር ድንች ወይም ያልጣፈጠ እርጎ ሊተካ ይችላል። ቆሎና ለውዝም ጥሩ ናቸው፤ ትንንሽ ልጆችን ግን ሊያንቁ ስለሚችሉ ከ4 ዓመት በታች ላሉት አይሰጡም።

ምሳና ራት ላይ የቤታችን ምግብ ትልቅ ሀብት ነው። እንጀራ በሽሮ፣ በምስርና በጎመን አሰርና ፕሮቲን አለው፤ ቅባቱን መቆጣጠር ብቻ ይበቃል። ቺፕስና በርገር «የሠለጠነ ልጅ ምግብ»፣ ሽሮ ደግሞ የችግር ምግብ ሆኖ ሲነገር ልጁ ይሰማል። ወላጅ ራሱ የሚበላውንም ያያል። አባት ለስላሳ እየጠጣ ለልጁ ውኃ ቢያቀርብ ልጁ የሚማረው ከአባቱ ብርጭቆ ነው።

እንቅልፍና እንቅስቃሴም ከምግቡ ጋር ይሄዳሉ። እንቅልፍ ያነሰው ልጅ ይበልጥ ይርበዋል፤ ከ5 ዓመት በላይ የሆነ ልጅ ደግሞ በቀን ቢያንስ 60 ደቂቃ መሮጥና መጫወት አለበት።

ለወፈረው ልጅ፣ ብቻውን ለቀረው ወላጅ

ልጁ ወፍሮ ከሆነ አታስርቡት፤ በእህት ወንድሞቹ ፊት «ወፍራሙ» ብላችሁም አትጥሩት። ማደግ ላይ ያለ ልጅ ክብደቱ ባለበት ቆሞ ቁመቱ ቢጨምር ብቻ ይስተካከላል። አስቤዛውን ለመላው ቤተሰብ ቀይሩ፤ ዕድገቱንም በጤና ባለሙያ አስለኩ።

ይህ ሁሉ በወላጅ ትከሻ ላይ ብቻ መጣሉ ግን ፍትሐዊ አይደለም። ቺሊ በ2016 ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ ስኳር፣ ጨው ወይም ስብ የበዛበት ምግብ ጥቁር ባለስምንት ማዕዘን ምልክት እንዲለጠፍበት፣ በትምህርት ቤት እንዳይሸጥና ማሸጊያው ላይ ልጅን የሚስብ የካርቱን ሥዕል እንዳይኖር አዘዘች። ከዚያም በኋላ ቤተሰቦች የሚገዙት ጣፋጭ መጠጥ ቀነሰ። የእኛም ትምህርት ቤቶች በየግቢያቸው ሱቅ ምን እንደሚሸጥ መጠየቅ አለባቸው፤ ወላጅ ኮሚቴዎችም ይህን አጀንዳ አድርገው መያዝ ይችላሉ።

ሕጉ እስኪመጣ ግን መጠበቅ አያስፈልግም። በሚቀጥለው አስቤዛ ለስላሳውንና የታሸገ ጁሱን ከዝርዝሩ አውጡ፤ በዚያው ገንዘብ ፍራፍሬ ግዙ። ማዕዱ ሲቀርብ ደግሞ ልጁ «ጠገብኩ» ሲል እመኑት።