ድንገተኛ አደጋ ከመድረሱ በፊት ስለ ቤት ውሻ ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

በአዲስ አበባ ምዕራብ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ አጥር ባለው ግቢ ውሻ ማሳደር የቆየ ልማድ ነው። ውሻው ቀን በሰንሰለት ታስሮ ይውላል፤ ሲመሽ ተፈትቶ ጅብና ሌባ እንዳይገባ ይጠብቃል። ይህን ያህል የሚያገለግል እንስሳ ሲሆን፥ ጎርፍ ወይም ቃጠሎ ወይም የመሬት መንሸራተት በደረሰ ጊዜ ወዴት እንደሚወሰድ አስቀድሞ የሚያስብለት ሰው ጥቂት ነው። ጉዳዩ ግን ለባለ ቤቱ ብቻ የሚተው አይደለም፤ የወረዳውንም ሹም የሚመለከት ነው።

አደጋ ቀጠሮ እንደማይሰጥ የክፍለ ከተማው ነዋሪ ያውቃል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ፥ ረጲ ላይ ቆሼ በሚባለው ስፍራ ለብዙ ዘመን የተከመረው ቆሻሻ ተንዶ በሥሩ የነበሩትን ቤቶች ከነሰዎቻቸው ቀበረ፤ የሞቱትም ከ110 በላይ ነበሩ። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በጎፋ ዞን ብዙ ዝናብ ከጣለ በኋላ መሬቱ ተንሸራተተ፤ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰበውንም ሕዝብ ሁለተኛው ናዳ ደረሰበት። ስለዚህ መሬቱ መርጋቱ ሳይታወቅ፥ ለውሻም ሆነ ለሌላ ከብት ብሎ ማንም ሰው ወደ ኋላ እንዳይመለስ ሹሙ አጥብቆ መከልከል አለበት። ክልከላው የሚከበረው ግን ባለቤቱ ውሻውን ቀድሞ ይዞ እንዲወጣ የተፈቀደለት እንደ ሆነ ነው።

ለዚህ ከውጭ አገር የተገኘ ማስረጃ አለ። በነሐሴ 1997 ዓ.ም. በአሜሪካ በኒው ኦርሊንስ ከተማ ከባድ ማዕበል በመጣ ጊዜ፥ መጠለያዎቹ እንስሳ አናስገባም ስላሉ አያሌ ሰዎች ከውሾቻቸው አንለይም ብለው በቤታቸው ቀሩ። ከዚያ በኋላ በመስከረም 1999 ዓ.ም. ክፍላተ አገሩ የአደጋ ጊዜ ዕቅድ ሲያወጡ የቤት እንስሳትን እንዲጨምሩ በሕግ ታዘዘ። በጃፓንም በመጋቢት 2003 ዓ.ም. ከፉኩሺማ የኑክሌር ጣቢያ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ዙሪያ የነበረው ሕዝብ እንዲወጣ በታዘዘ ጊዜ፥ በጥቂት ቀን እንመለሳለን ብለው ውሾቻቸውን አስረው የሄዱ ነበሩ፤ የታሰሩትም ብዙዎቹ በረኃብ አለቁ። በሰንሰለት ማሰር ልማድ በሆነበት በኮልፌ ይህ ነገር በብርቱ ሊታሰብበት ይገባል።

ፈትቶ መልቀቅም ቢሆን መፍትሔ አይደለም። ባለቤት ያጣ ውሻ ከሜዳ ውሾች ጋር ተቀላቅሎ በየቆሻሻው ይዞራል፤ በዚያም የሚያሠጋው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በሽታው በታመመው ውሻ ልጋግ ይተላለፋል። ከተነከሰው ሰው ላይ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ተሰውሮ ይቆያል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን የሚድን የለም ማለት ይቻላል። የተነከሰ ሰው ቍስሉን ወዲያው 15 ደቂቃ ሙሉ በሳሙናና በውኃ አጥቦ፥ በዚያው ቀን ክትባት ለመጀመር ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። አስቀድሞ ወደ መድኃኒት አዋቂ ቤት እየሄዱ ቀን ማሳለፍ የብዙ ሰው ሕይወት አጥፍቷል። የነከሰውም ውሻ ከተያዘ በችኮላ አይገደል፤ ታስሮ 10 ቀን ይጠበቅ። እስከዚያ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በነከሰበት ጊዜ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው።

ክትባትም በአደጋ ቀን የሚፈለግ ነገር አይደለም። ለመጀመሪያ ጊዜ የተከተበ ውሻ አካሉ በሽታውን ለመከላከል እስኪበረታ 1 ወር ያህል ይፈልጋል። ክረምቱ በሰኔ ስለሚገባ፥ ሦስት ወር የሞላው ቡችላና ትልቁም ውሻ ሁሉ ከሚያዝያ ሳያልፍ ተከትቦ ወረቀቱ ከቤቱ ሰነድ ጋር ይቀመጥ። በአንድ ስፍራ ካሉት ውሾች ከ100 ውስጥ 70ው ከተከተቡ በሽታው በመካከላቸው ሊዛመት እንደማይችል የጤና ሊቃውንት ይናገራሉ፤ ስለዚህ ሹሙ አንዱን ቤት አስከትቦ ሌላውን ቢተው ድካሙ ከንቱ ይሆናል።

የቀረው ዝግጅት ብዙ ወጪ የለበትም። ጠንካራ የአንገት ማሰሪያ፥ ከ2 ሜትር የማያንስ ገመድ፥ የአፍ ማሰሪያ፥ ለአንድ ሳምንት የሚበቃ ምግብ በአንድ ከረጢት ተደርጎ በር አጠገብ ይሰቀል። ለምግቡ ድርቆሽ የሚሻለው የለም፤ በደንብ ደርቆ ከእርጥበት ከተጠበቀ ሳይሻግት ብዙ ይቆያል። ለመካከለኛ ውሻ በቀን 1 ሊትር ያህል ውኃ ይበቃል። ግቢ ጠባቂ ውሻ ከአጥር ወጥቶ ስለማያውቅ በሰው መካከል ይደነግጣል፤ በደኅናው ጊዜ በገመድ እየተሳበ መንገድ መውጣትን፥ አፉንም መታሰርን ቢለማመድ በጭንቅ ሰዓት የቤቱን ሰዎች አያደናቅፍም።

ሹሙ ደግሞ ለተፈናቃዮች ትምህርት ቤት ወይም አዳራሽ ሲመርጥ፥ ልጆች ከሚያድሩበትና ምግብ ከሚበስልበት የራቀ አንድ ማዕዘን ለውሾች ይለይ። ችካሎቹ አንዱ ውሻ ሌላውን በማይደርስበት ርቀት ይተከሉ፤ የባለቤቱ ስም፥ የውሻው መልክና የተከተበበት ቀን በመዝገብ ይጻፍ። ያልተከተበው ለብቻው ይታሰር።

ሕዝቡ ወደ ቤቱ ሲመለስ አጥሩ ሳይታይ ውሻው አይፈታ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንደሚባለው፥ በናዳና በጎርፍ የተከፈተ ቀዳዳ ለሁለቱም መንገድ ነው። አጥሩ እስኪጠገንም ውሻው ሌሊት ሌሊት በቤት ውስጥ ወይም በደጃፍ አጠገብ ታስሮ ይደር።