በዕጣ ወይስ በድምፅ? የምርጫ ስልትና የአጥቢያ ሰላም

ሰዎች በኅብረት ሲኖሩ «ማን ያገልግል? ማንስ ያስተዳድር?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። በዋግ ምድር ለዚህ ጥያቄ ለብዙ ዘመን የተሰጠው መልስ ትውልድ ነበር። ዘራቸውን ከዛጔ ነገሥታት የሚቆጥሩት ዋግሹሞች ሰቆጣን መቀመጫቸው አድርገው ሹመቱን በዘር ሲወራረሱ ኖረዋል፤ ከእነርሱም መካከል ዋግሹም ጎበዜ በ1860ዎቹ መጀመሪያ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነግሠዋል። ዛሬ የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር የራሱ ምክር ቤት አለው፤ ሹመትም በውርስ መሆኑ ቀርቷል። በየአጥቢያው ቤተ ክርስቲያንም ካህናቱና ምእመናኑ የሰበካ ጉባኤ አባላትን ይመርጣሉ።

ይሁን እንጂ «ምርጫ» የሚለው አንድ ቃል ብዙ ስልቶችን ይይዛል። መራጩ ያው፣ ዕጩውም ያው ሆኖ ስልቱ ብቻ ሲለወጥ ተመራጩ ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ ስልቶቹን ለይቶ ማወቅ ከምርጫ በኋላ ከሚመጣ ቅሬታ ይጠብቃል።

በዕጣ መምረጥ

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 1 እንደተጻፈው፣ በይሁዳ ምትክ የሚቆመውን ሐዋርያ ለመለየት 120 ያህል ሰዎች በተሰበሰቡበት ሁለት ሰዎች ቀረቡ፤ ከጸሎት በኋላ ዕጣ ተጣለ፤ ዕጣውም ለማትያስ ወጣ። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉን ልብ ማለት ይገባል። ዕጣው የተጣለው በማንም ላይ አልነበረም። አስቀድሞ መስፈርት ተነገረ፤ መስፈርቱን የሚያሟሉት ተለዩ፤ ዕጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የግብጽ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም ጥቅምት 25 ቀን 2005 ዓ.ም. 118ኛውን ፓትርያርክ አቡነ ታዎድሮስን የመረጠችው በተመሳሳይ መንገድ ነው። አስቀድሞ መራጮች ድምፅ ሰጥተው ሦስት አባቶችን ለዩ፤ ቀጥሎም ዐይኑ የተሸፈነ ሕፃን ከሦስቱ ስሞች አንዱን አወጣ። የዕጣ ጥቅሙ በሌሎች ላይ ድል ነሣሁ የሚል ወገን አለመተዉ ነው። በዕቁብ ዕጣው ያልወጣለት ሰው ጎረቤቱን የማይቀየመውም ስለዚሁ ነው። ጉድለቱ ደግሞ የችሎታን ልዩነት አለማየቱ ነው፤ ስለዚህ የሚስማማው ዕጩዎቹ በብቃት ሲተካከሉ ነው።

እጅ ማውጣትና ምሥጢራዊ ድምፅ

በብዙ የዕድር ስብሰባዎች የተለመደው እጅ ማውጣት ነው። ፈጣን ነው፤ ወጪም የለውም። ነገር ግን በደጋው መንደር ሰው ሁሉ ወይ ዘመድ ነው፣ ወይ የክርስትና አባት፣ ወይ በሬ የሚያውስ ጎረቤት። በአደባባይ የወጣች እጅ ታይታ ትታወሳለች። ድሀው ላበደረው፣ ወጣቱም ለአጎቱ ሲል እጁን ቢያነሣ ያ ድምፅ የራሱ ነው ለማለት ያስቸግራል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 38 ምርጫ በምሥጢር ድምፅ እንዲሰጥ የደነገገውም ለዚህ ዓይነቱ ነጻነት ነው።

አጥቢያም ቢሆን ይህን ማድረግ አያቅተውም። ማንበብ ለማይችሉ ወገኖች በመጋረጃ ጀርባ ለእያንዳንዱ ዕጩ ምልክት ያለበት የተከደነ ዕቃ ቢቀመጥና መራጩ አንዲት የሽንብራ ፍሬ ቢጥል ምሥጢሩ ይጠበቃል።

አብላጫ ድምፅ ማለት ምን ማለት ነው?

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መሠረት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል የሚሆነው በምርጫ ክልሉ ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ የበለጠ ድምፅ ያገኘው ነው፤ ከግማሽ በላይ ማግኘት ግን ግዴታ አይደለም። ለምሳሌ 100 ሰዎች ድምፅ ሰጥተው አንዱ ዕጩ 40፣ ሁለተኛው 35፣ ሦስተኛው 25 ቢያገኙ፣ 60 ሰዎች ያልመረጡት ሰው ያሸንፋል። እንደ ፈረንሳይ ያሉ አገሮች በፕሬዚዳንት ምርጫቸው ከግማሽ በላይ ያገኘ ሲጠፋ ሁለቱን ቀዳሚዎች ብቻ በሁለተኛ ዙር ያወዳድራሉ።

በቤተ ክርስቲያናችን የካቲት 21 ቀን 2005 ዓ.ም. በተካሄደው የ6ኛው ፓትርያርክ ምርጫ አምስት አባቶች ቀርበው ነበር። ከ806 ድምፅ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ማትያስ 500 አገኙ። ይህ ከግማሽ በላይ ስለሆነ ውጤቱ በሁለቱም ስልት አንድ ነበር። ድምፁ በሦስትና በአራት ሲከፋፈል ግን የስልቱ ልዩነት ጎልቶ ይታያል።

ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲመረጥ

ለአጥቢያ ሰላም ከሁሉ ይልቅ የሚያሠጋው ይህ ነው። በአንድ ደብር ሥር ከወንዙ ወዲህና ወዲያ ሁለት መንደሮች አሉ እንበል፤ ወዲህ ያሉት መራጮች 60፣ ወዲያ ያሉት 40 ናቸው። አምስት ሰዎች ይመረጡ፤ እያንዳንዱም መራጭ አምስት አምስት ድምፅ ይስጥ። ሁሉም የመንደሩን ልጆች ከመረጠ 60ዎቹ አምስቱንም መቀመጫ ይወስዳሉ፤ 40ዎቹ አንድ ተወካይ እንኳ አያገኙም። ማንም አላጭበረበረም፤ ቆጠራውም ትክክል ነው። ሆኖም ከወንዙ ማዶ ያለው ምእመን ለሕንፃ ግንባታ አዋጡ ሲባል «የማን ጉባኤ ነው?» ማለቱ አይቀርም።

መፍትሔው ብዙ አይደለም። አንደኛው መቀመጫውን አስቀድሞ በድርሻ መክፈል ነው። በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዐዋዲ ሰበካ ጉባኤ ከካህናት፣ ከምእመናንና ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች እንዲውጣጣ ማድረጉ ብዛት ያለው ክፍል ሁሉን እንዳይጠቀልል ይጠብቃል። ደንቡ በሚፈቅደው መጠን ይኸው አሳብ ለመንደሮችም ሊሠራ ይችላል። ሁለተኛው ለእያንዳንዱ መራጭ ከመቀመጫው ቁጥር ያነሰ ድምፅ መስጠት ነው። ከላይ ባየነው ምሳሌ እያንዳንዱ ሰው ሦስት ድምፅ ብቻ ቢኖረውና ሁለቱም ወገን በሦስት ሦስት ዕጩ ቢወሰን፣ ሁለት መቀመጫ ለ40ዎቹ ይተርፋል። ሦስተኛው እንደ ደቡብ አፍሪካ ፓርላማ ወንበርን በድምፁ መጠን ማካፈል ነው፤ ይህ ግን በፓርቲ ዝርዝር ለሚወዳደሩ እንጂ ለአጥቢያ አይመችም።

እንግዲህ አንድ ጉባኤ ለምርጫ ሲጠራ «ማንን እንምረጥ?» ከማለቱ በፊት «እንዴት እንምረጥ?» ብሎ ሊወስን፣ ድምፅ እኩል ቢሆን ምን እንደሚደረግም አስቀድሞ ሊስማማ ይገባል። ስልቱ ውጤቱ ከታወቀ በኋላ ከተነሣ ሙግት ይሆናል፤ አስቀድሞ ከተነገረ ግን ያልተመረጠውም ወንድም በማግሥቱ ከተመረጠው ጋር አብሮ ለማስቀደስ አይከብደውም።