ወግ አጥባቂነት በኢትዮጵያ፦ ሕዝብ ያለው፣ ፓርቲ የሌለው አስተሳሰብ

በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ የቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ምእመናንና የሰፈሩ መስጊዶች ጀማዓ ተጎራብተው ይኖራሉ። ሰው ሲሞት ዕድር ይቀብራል፣ ሐዘንተኛውን ያስተዛዝናል፤ ነጋዴው መነሻ ገንዘብ ሲያጣ ዕቁብ ይደርስለታል። በጋብቻ፣ በልጅ አስተዳደግና በእምነት ጉዳይ ከዚህ ሕዝብ የሚበዛው ወግ አጥባቂ ነው። ይህን አስተሳሰብ ዓላማዬ ብሎ የያዘ ጠንካራ ፓርቲ ግን ሀገራችን የላትም። ለምን?

የኢትዮጵያ ወግ አጥባቂነት በዙፋን፣ በሃይማኖትና በርስት ላይ የቆመ ነበር። ለውጥን ሁሉ የሚጠላ ግን አልነበረም። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ሲያረቁ የጃፓንን የሜጂ ሕገ መንግሥት አርአያ ያደረጉት፣ ያቺ ሀገር ዙፋኗን ሳታፈርስ መዘመኗን አይተው ነው። የዘውዱን ሥርዓት የጣለው የመሬት ጥያቄ ነው። የጭሰኛውን ሸክም ለማቅለል በ1960ዎቹ ለፓርላማ የቀረበው ረቂቅ ሕግ፣ ባለመሬቶች በሚበዙበት ምክር ቤት ሳይጸድቅ ቀረ። በደሉ በጊዜው ስላልታረመ አብዮቱ ሥርዓቱን ከነመልካሙ ጠርጎ ወሰደው።

ደርግ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን ወረሰ። በራስ መንገሻ ሥዩም የሚመራው የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ኅብረት (ኢዲዩ) መሣሪያ አንሥቶ በ1969 ዓ.ም. ሁመራንና መተማን ቢይዝም ብዙ ሳይቆይ ተሸነፈ። ደርግን የጣለው ኢሕአዴግም ሥሩ የተማሪው ንቅናቄ የግራ አስተሳሰብ ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎ ማጽናቱ ከዚሁ የመነጨ ነው።

ፓርቲ ያጣው አስተሳሰብ በእምነት ተቋማት በኩል መናገሩን ቀጠለ። በ2004 ዓ.ም. በኮልፌ ቀራንዮው አወሊያ ትምህርት ቤት የተነሣው የ«ድምፃችን ይሰማ» ንቅናቄ፣ የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት (መጅሊስ) መሪዎችን ሕዝበ ሙስሊሙ በነፃነት እንዲመርጥና መንግሥት ይደግፈዋል የተባለው የአህባሽ አስተምህሮ እንዳይጫንበት ጠየቀ። ንቅናቄውን የመራው ኮሚቴ አባላት ታሰሩ፤ በ2007 ዓ.ም. እስከ 22 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም. ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ከቅዱስ ሲኖዶስ ፈቃድ ውጭ 26 ኤጲስ ቆጶሳትን ሲሾሙ ደግሞ ኦርቶዶክሳውያን መንግሥት በጉዳዩ ጣልቃ ገብቷል ብለው፣ ጥቁር ለብሰው ለቀኖናቸው ቆሙ። የሁለቱም ወገን ጥያቄ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው በሚለው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 የተደገፈ ነበር። መንግሥት በአማኙ ጉዳይ እጁን አያስገባ ማለት ለወግ አጥባቂ የመጀመሪያው የነፃነት ጥያቄ ነው።

የዓለም ዜናም ሰፈራችን ድረስ ይገባል። የአሜሪካ ወግ አጥባቂዎች ስለ ቤተሰብና ስለ እምነት የሚናገሩት ብዙ ኢትዮጵያውያንን ያስደስታል። በጥር 2017 ዓ.ም. የትራምፕ አስተዳደር የውጭ ዕርዳታን ሲያግድ ግን በኢትዮጵያ በሺዎች የሚቆጠሩ የጤና ሠራተኞች ሥራቸውን አጡ። የባዕድ ወግ አጥባቂ የሚጠብቀው የራሱን ሀገር ነው። የእኛም ወግ አጥባቂ ከዋሽንግተን መፈክር ከመዋስ ይልቅ፣ ያለ ማንም ዕርዳታ የቆዩትን የገዛ ተቋማቱን ማጠናከር ይገባዋል።

ከእነዚህ ተቋማት ዕድር ዛሬ ፈተና ላይ ነው። በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ነባር ሰፈር ሲነሣ፣ ነዋሪው ምትክ ቤት ቢያገኝም አብሮት የኖረው ጎረቤት ይበታተናል፤ ዕድሩም ይፈርሳል። ንጹሕ መንገድና ደኅና ቤት ለሕዝቡ ያስፈልገዋል፤ ይህን የሚቃወም ወግ አጥባቂ የ1960ዎቹን ፓርላማ ስሕተት ይደግማል። የሚገባው ጥያቄ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር እንዲሰፍር፣ ዕድሮችም ሰፈሩ ከመነሣቱ በፊት እንዲመከሩ ነው። ወግ አጥባቂው ይህን በግልጽ ጠይቆ ለበደለኛው ባለመሬት ሳይሆን ለተፈናቃዩ ጎረቤት ከቆመ፣ በ1967 ያጣውን የሕዝብ አመኔታ መልሶ ሊያገኝ ይችላል።