ከፌርፋክስ ወደ ቬጋስ፦ ቤቱ ርካሽ ነው፣ ውሃውስ?

ከኦሊምፒክ እስከ ፒኮ ባለው የፌርፋክስ መንገዳችን ቡና ይዘው ትንሽ ቁጭ ካሉ አንድ ወሬ አያመልጥዎትም፦ «እነ እገሌም ወደ ቬጋስ ሊገቡ ነው።» ለምን ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም። የእኛን ከተማ የቤት ኪራይ ሁላችንም እናውቀዋለን። ኔቫዳ በደመወዝ ላይ የስቴት ታክስ አትቆርጥም። ርቀቱ ቢበዛ 270 ማይል ነው፤ እሁድ ማታ ሲመለሱ ያለውን ትራፊክ ካልቆጠርን ማለት ነው። ታክሲ የሚነዱ፣ ካዚኖ ውስጥ ካርታ የሚያድሉ፣ ሆቴል የሚሠሩ፣ ምግብ ቤት የከፈቱ ወገኖቻችን እዚያ ብዙ ናቸው። የክላርክ ካውንቲ አስተዳደርም በ2002 ለእኛ ሰፈር እንደተደረገው አንድ አካባቢ «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ ሰይሞላቸዋል።

እርስዎም ካሰቡበት የቤቱን ዋጋና የልጆቹን ትምህርት ቤት ማጣራትዎ አይቀርም። ስለ ውሃው ግን ስንቶቻችን ጠይቀናል? ኔቫዳ እኮ ከአሜሪካ ስቴቶች ሁሉ ደረቋ ናት። ላስ ቬጋስ ላይ በዓመት የሚወርደው ዝናብ 4 ኢንች ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ በሐምሌ ወር ብቻ ከዚያ በላይ ታገኛለች። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ስሟ ራሱ ያስገርማል። ላስ ቬጋስ በስፓኒሽ ለምለም መስክ እንደማለት ነው። በበረሃው መሀል ምንጭ ይፈልቅ ስለነበር ነው እንዲህ የተባለችው። ደቡብ ፓዩት የሚባሉት የአገሩ ባለቤቶች በዚያ ውሃ ሲኖሩ ቆይተዋል። በ1829 ወደ ካሊፎርኒያ የሚጓዙ ነጋዴዎች አገኙት፤ በ1855 ሞርሞኖች ምሽግ ሠሩበት። ከተማ የሆነችው ግን በባቡር ነው። ሶልት ሌክን ከሎስ አንጀለስ የሚያገናኘው የባቡር ኩባንያ በግንቦት 1905 መሬቱን ሸንሽኖ በጨረታ ሸጠው። ድሬዳዋን ያስቡ፤ እሷም ባቡሩ ሲደርስ ነው ከሜዳ ላይ የተነሣችው፤ የሁለቱ ዕድሜ ልዩነት ሦስት ዓመት ቢሆን ነው። ምንጩ ግን አልበረከተም። ጉድጓድ በጉድጓድ ላይ ሲቆፈር ኖሮ በ1962 ወደ ላይ መፍለቁን አቆመ።

ስቴቷ ራሷ በ1864፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት መሀል ነው የገባችው። ከመሬቷ ከመቶ 80 ያህሉ ዛሬም የፌደራል መንግሥት ነው። ከ1951 እስከ 1992 ድረስ 928 የኒውክሌር ሙከራዎች ተደርገውባታል። ያኔ የቬጋስ ሆቴሎች እንግዶቻቸውን የፍንዳታውን ጭስ ለማሳየት ጣሪያ ላይ ያወጡ ነበር። የሰው ነገር!

1931 ትልቅ ዓመት ነው። ቁማር ሕጋዊ የሆነውም፣ የሁቨር ግድብ ሥራ የተጀመረውም በዚያ ዓመት ነው። ግድቡ ለዘመኑ ተአምር ነበር፤ ቁመቱ 221 ሜትር ነው፤ በሥራው ላይ የሞቱት በይፋ የተመዘገቡት 96 ናቸው። ከ5,000 በላይ ሠራተኛ ውስጥ ጥቁሮቹ በጣም ጥቂት ነበሩ። ከዚያም በኋላ በትልልቆቹ ሆቴሎች መድረክ ላይ የሚዘፍን ጥቁር አርቲስት እዚያው ክፍል ይዞ ማደር አይችልም ነበር፤ ይህ የቀረው በመጋቢት 1960 በተደረገ ስምምነት ነው። ዛሬ ወገኖቻችን በኩራት የሚሠሩባቸው ቤቶች ታሪክ ይህንንም ይጨምራል።

ሁቨርን ከእኛው ሕዳሴ ጋር ላወዳድርልዎ። ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ሕዳሴ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ሁቨር 2,080 ገደማ። የሕዳሴ ሐይቅ የሚይዘው 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ነው፤ ከሁቨር ግድብ ጀርባ ያለው ሚድ ሐይቅ በግምት የዚያን ግማሽ። ከደመወዝዎ ቀንሰው ቦንድ ገዝተው ከሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ፈገግ ማለት ይፈቀድልዎታል።

ስለ ወንዝ ድርሻ ሲነሣማ ነገሩ ለእኛ ባዳ አይደለም። በ1959 ግብፅና ሱዳን ዓባይን 55.5 እና 18.5 ቢሊዮን ብለው ሲከፋፈሉ ኢትዮጵያ በጠረጴዛው ላይ አልነበረችም። የኮሎራዶ ወንዝም በ1922 በሰባት ስቴቶች ስምምነት ሲከፈል ነባሮቹ የአሜሪካ ሕዝቦች አልተጠሩም። ሌላው ስህተት ደግሞ ስሌቱ ነው፤ ወንዙ የተለካው ዝናብ በበዛባቸው ዓመታት ስለነበር የሌለ ውሃ ጭምር ነው የተከፋፈለው። ኔቫዳ ያኔ ሰው አልነበረባትምና የደረሳት በዓመት 300,000 ኤከር ፉት ብቻ ሆነ። ካሊፎርኒያ 4.4 ሚሊዮን ወሰደች። ዛሬ ክላርክ ካውንቲ ብቻ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አለው፤ ከሚጠጣው ከመቶ 90 ያህሉ የሚመጣው ከዚያችው ድርሻ ነው።

በ2000 ሚድ ሐይቅ ሊሞላ ጥቂት ነበር የቀረው። በሐምሌ 2022 ግን 1,040 ፉት ላይ ወረደ፤ ግድቡ ከተሞላበት ከ1930ዎቹ ወዲህ እንዲህ ዝቅ ብሎ አያውቅም። ሐይቁ ሲሸሽ የሰጠሙ ጀልባዎች፣ ከዓመታት በፊት የተገደለ ሰው አስከሬን ያለበት በርሜል ሳይቀር ወጣ። የከተማዋ የመጀመሪያው የውሃ መሳቢያ ቱቦም ደረቅ ላይ ቀረ።

ታዲያ ቬጋስ ተጠማች? አልተጠማችም፤ እዚህ ላይ ሰዎቹን ማመስገን ተገቢ ነው። ከሐይቁ ሥር ቀድመው ሌላ መሳቢያ ቆፍረው ነበር። ቤት ውስጥ የሚፈሰው ውሃ፣ የሻወሩም የመጸዳጃ ቤቱም፣ ተጣርቶ ሁሉም ማለት በሚቻል መጠን ወደ ሐይቁ ይመለሳል፤ የተመለሰውም ይቆጠርላቸዋል። ስለዚህ ውሃ የሚጨርሰው ሆቴሉ አይደለም። (የቤላጂዮ ፏፏቴም የሚሞላው ከራሱ ጉድጓድ ነው።) የሚጨርሰው ሣር ነው። አንድ ስኩዌር ፉት ሣር ሲነቀል በዓመት 55 ጋሎን ይድናል፤ የውሃ ባለሥልጣኑም ሣሩን ለሚነቅል ሰው ገንዘብ ይከፍላል። በ2021 በወጣው ሕግ መሠረት በመንገድ ዳርና በመሥሪያ ቤት ደጅ ለጌጥ ብቻ ያለ ሣር ከ2027 ጀምሮ በኮሎራዶ ውሃ አይጠጣም። እሁድ እሁድ ደግሞ ሣር ማጠጣት ክልክል ነው። ሰንበትን አከበሩ ማለት ነው።

እኛም እዚህ ሆነን ስለ ካሊፎርኒያ ብዙ ባንኮራ ይሻላል። ከዚያው ወንዝ ትልቁን ድርሻ የምንወስደው እኛ ነን፤ ከ1941 ጀምሮ የኮሎራዶ ውሃ በቦይ ወደ ደቡብ ካሊፎርኒያ ይመጣል። ለኔቫዳ የሚያሳስበው ነገር የሚያሳስበው እኛንም ነው። የወንዙ አጠቃቀም ደንብ በ2026 መጨረሻ ያበቃል፤ ሰባቱ ስቴቶችም ማን ይቀንስ በሚለው ሲጨቃጨቁ ከርመዋል።

ለእኔ ከውሃው ይልቅ የሚያስፈራኝ ሙቀቱ ነው። ውሃ በሕግ ይቆጠባል፤ ፀሐይ አትቆጠብም። ሐምሌ 7 ቀን 2024 ቬጋስ 120 ፋራናይት ደረሰች፤ በታሪኳ ያልታየ ነው። በየክረምቱ፣ ማለትም በፈረንጅ በጋ፣ በሙቀት ምክንያት ሰው ይሞታል፤ አረጋውያንና ኤር ኮንዲሽነር የተበላሸባቸው ይበዛሉ።

ስለዚህ ቤት ሊያዩ ሲሄዱ በመጋቢት ሳይሆን በሐምሌ ይሂዱ። የኤር ኮንዲሽነሩን ዕድሜ ይጠይቁ፤ ያለፈውን የሐምሌና የነሐሴ የመብራት ቢል ካላሳዩ አይፈርሙ። ግቢው ሣር ካለው ለመንቀል የሚከፈለው ገንዘብ ምን ያህል እንደሆነ ደውለው ያጣሩ። ማታ የሚሠሩ ከሆነ ቀን የሚተኙበት ክፍል ወደ ምዕራብ እንዳይዞር ይመልከቱ። እናትዎን ከአዲስ አበባ ሊያስመጡ ካሰቡ ደግሞ ትኬቱን ለኅዳር ይቁረጡላቸው፤ ለገናም አብረው ይሆናሉ፣ ነጠላቸውንም ይለብሱበታል።