ተጨማሪ መረጃ፦ «403» ሲመጣ

ድረ ገጽ ስትከፍቱ ስክሪኑ ላይ «403» ከወጣ ኔትወርኩን አትውቀሱ። መስመሩማ ሠርቷል፤ ጥያቄያችሁ ሰርቨሩ ዘንድ ደርሶ ነው «አይፈቀድም» የተባለው። «401» ከሆነ ማንነታችሁ ገና አልተረጋገጠም፤ በይለፍ ቃላችሁ ግቡ።

አንዳንድ የጥናት መጽሔቶች አንባቢን የሚለዩት በግቢው የኢንተርኔት አድራሻ ነው። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተከፈተ ጽሑፍ፣ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አንኮበር ላይ በስልክ ዳታ ሲሞከር ሊከለከል ይችላል። ቪፒኤንም ይጠርጠር። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ሲገደቡ ብዙ ሰው የተጠቀመው በእሱ ነበር፤ በቪፒኤን የመጣን የማያስገቡ ድረ ገጾች ግን አሉ። አጥፍታችሁ ሞክሩ፤ እምቢ ካለ ኩኪውን አጽዱ።

ድረ ገጹ የራሳችሁ ከሆነ የፋይሉን ፈቃድ ተመልከቱ። በሊኑክስ ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1 ነው፤ ድምሩ ፈቃዱን ይነግራችኋል። ፈቃዱ በሦስት አኃዞች ይጻፋል፤ የመጀመሪያው አኃዝ የባለቤቱ፣ ሁለተኛው የቡድኑ፣ ሦስተኛው የሌላው ሁሉ ነው። ለፋይል 644፣ ለፎልደር 755 የተለመደ ነው። 777 ችግሩን የፈታ ይመስላል፤ ሰርቨሩን የሚጠቀም ማንም ሰው ፋይሉን እንዲለውጥ ስለሚፈቅድ ግን አትስጡ።