ያውቁ ኖሯል? የምላስ ልምምድ ማንኮራፋትን ይቀንሳል

ምላስ የ8 ዓይነት ጡንቻዎች ጥምር ስለሆነ እንደ ክንድና እግር ሁሉ በልምምድ ይጠነክራል። ስንተኛ እነዚህ ጡንቻዎች ይላላሉ፣ የአየር መተላለፊያው ይጠባል፤ ማንኮራፋት፣ ሲብስም የትንፋሽ መቆራረጥ ይከተላል።

በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ የብራዚል ጥናት ይህ የትንፋሽ መቆራረጥ ላለባቸው 16 ታማሚዎች የምላስ ጫፍን ላንቃ ላይ አሳርፎ ወደ ኋላ እንደ ማንሸራተት ያሉ ልምምዶችን ሰጠ። በሰዓት በአማካይ 22 ጊዜ ያህል ይቋረጥ ወይም ይቀንስ የነበረው ትንፋሻቸው በ3 ወር ወደ 14 ገደማ ወረደ። ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን በስዊዘርላንድ የታየው ነው፤ ዲጀሪዱ የተባለውን የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች ረጅም የትንፋሽ መሣሪያ ለ4 ወር የተለማመዱ ተመሳሳይ ታማሚዎችም ተሻላቸው።

ልምምዱ በባለሙያ የሚታዘዝ እንጂ ሕክምናን የሚተካ አይደለም። ትንፋሹ እየተቋረጠ ከእንቅልፉ የሚባንን ሰው ቤትዎ ካለ ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት።