ስለ ሁለተኛው የመኪና ባትሪ አሞላል

ባትሪ የኤሌክትሪክ ኀይል የሚጠራቀምበት ዕቃ ነው። በእርሳስና በድኝ አሲድ የሚሠራውን፥ ባለቀ ጊዜ ደግሞ የሚሞላውን ባትሪ በ1859 ዓ.ም. እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር የፈለሰፈ ጋስቶን ፕላንቴ የሚባል ፈረንሳዊ ነው።

ከጎንደር ተነሥቶ በዳባትና በደባርቅ አልፎ፥ ሊማሊሞን ወርዶ ክትባት የሚያደርስ መኪና ማቀዝቀዣ ይዞ ይጓዛል። አብዛኛው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ካልተጠበቀ ይበላሻል። ነገር ግን ማቀዝቀዣው ሞተሩን ከሚያስነሣው ባትሪ ሌሊቱን ሙሉ ኀይል ቢወስድ፥ ጧት መኪናው አይነሣም፤ የሚጠብቁትም ሕፃናት ሳይከተቡ ይቀራሉ። ስለዚህ ለማቀዝቀዣው ሁለተኛ ባትሪ ይጨመራል።

ይህ ባትሪ ከሦስት ወገን ይሞላል፤ መኪናው ሲሄድ ከዲናሞ፥ በቀን ቆሞ ሲውል ከፀሐይ ሰሌዳ፥ ከተማ ሲያድር ከመብራት። ነገሩ ሦስት ቦይ ወደ አንድ ኩሬ እንደ መግባት ነው፤ ለየቦዩ መዝጊያ ያስፈልጋል። የዲናሞው መዝጊያ ሞተር ሲሠራ ብቻ ሁለቱን ባትሪዎች የሚያገናኝ፥ ሲጠፋ የሚለያይ ሪሌ ነው። የፀሐዩ መዝጊያ ባትሪው ሲሞላ ኀይሉን የሚገታው መቈጣጠሪያ ነው። የመብራቱም መዝጊያ ለባትሪው ዐይነት የተሠራ ቻርጀር ነው። በየሽቦውም ላይ ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ ይደረጋል፤ ሽቦ ቢነካካ እሳት እንዳይነሣ ነው።

ሁለት ምንጮች በአንድነት ሲሞሉ የሚሰጡት አምፔር ይደመራል። ለምሳሌ ከዲናሞ 20፥ ከፀሐይ 10 አምፔር ቢመጣ 30 ይሆናል፤ የባትሪው ሠሪ የፈቀደው 20 ከሆነ ግን ባትሪው ይግላል፥ ይጐዳልም። ስለዚህ ድምሩ ከተፈቀደው እንዳይበልጥ አስቀድሞ ማስላት ይገባል።

የአገናኝ ሥርዓቱም እንዲህ ነው። የፀሐይ መቈጣጠሪያው መጀመሪያ ከባትሪው ጋራ፥ ቀጥሎ ከሰሌዳው ጋራ ይገናኛል፤ ሲፈታም ሰሌዳው ይቀድማል። የመብራት ቻርጀር መቆንጠጫው ከባትሪው ጋራ ከተያያዘ በኋላ ይሰካል፤ መቆንጠጫው ከመነሣቱ በፊት ይነቀላል። የባትሪው ሽቦ ሲታሰር የመደመር ምልክት ያለበት ይቀድማል፤ ሲፈታ ግን የመቀነስ ምልክት ያለበት ይቀድማል።

የእርሳስ ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጂን የሚባል በቀላሉ የሚነድ ጋዝ ያወጣል። ስለዚህ ነፋስ በሚገባበት ስፍራ ይሞላ፤ ሲጋራ፥ ክብሪትና ኵራዝ አይቅረቡት። አሲዱ ዐይን ወይም ቈዳ ቢነካ ወዲያው በብዙ ውሃ ይታጠብ፤ ዐይን ከሆነ ወደ ሐኪም ይኬድ። የጐደለውም በተጣራ የባትሪ ውሃ እንጂ በምንጭ ውሃ አይሞላ። ሞተር አስነሥቶ በተዘጋ ቤት ባትሪ መሙላት ደግሞ ጢሱ ሰው ስለሚገድል ፈጽሞ አይገባም።

የስሜን ብርድም የሚያመጣው ጣጣ አለ። ያለቀ የእርሳስ ባትሪ በውርጭ ሊረጋና ሊሰነጠቅ ይችላል፤ የሞላው ግን ውርጩን ይቋቋማል። ሊቲየም የሚባለው ባትሪ ከ0 ዲግሪ በታች ሲሞላ ስለሚበላሽ እስኪሞቅ ይጠበቃል።

አስተማሪው ይህን ለሾፌሩና ለመንደሩ ሽማግሌዎች ያስረዳ፤ ልጆች ግን አሠራሩን ይማሩ እንጂ ባትሪውን አይንኩ።